አክስቲቱ በስሟ የተጠራችበት ክረምት

ጃንዋሪ 7

ጻፊ ኤልስፓ። ሳማል እባላለሁ። ሰማንያን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ማንበብ አልችልም። ትምህርት ቤት ሳልላክ ቀርቼ አይደለም፤ ተልኬ ነበር። ፊደሎቹ ግን ገና ዓይኔን ስጥልባቸው እንደ ትናንሽ ዓሣ ይበታተናሉ። መምህሩ ሰነፍ ነህ እያለ ጆሮዬን ሲጠመዝዘው ከረመና አንድ ጠዋት ወደ ወደቡ ወርጄ መርከብ ላይ ወጣሁ። እዚያ ሰነፍ ያለኝ ሰው የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህች ደሴት ወደ ምዕራብ እየወጣሁ ዓሣ አጥምጃለሁ፤ ግማሹን ዘመን ካፒቴን ሆኜ። ሰማይ አነባለሁ፣ ማዕበል አነባለሁ። ሌላው ይቅርብኝ።

ኤልስፓ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ናት የምትኖረው። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከምሳ በኋላ ሹራቧን ይዛ እየመጣች የኔ ወጥ ቤት ትቀመጣለች። የልጅ ልጄ ራንቫ ቃሌን በኮምፒውተሯ ስትለቅም አይታ ነው፣ «ለልጅቱ ከምትለፈልፍ ለራስህም አስጽፍ» ያለችኝ። እኔ አልለፈልፍም። ይሄንንም ጻፊ።

ራንቫ የልጄ የሆግኒ ልጅ ናት። ባህር ማዶ ዋና ከተማችን ቶርስሃቭን ውስጥ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ጋር ትሠራለች። ጨዋታው «ሩቅ ውሃ» ይባላል፤ ውሃ ግን የለበትም። ሰው መርከብ ይዞ በከዋክብት መካከል ይነዳል። ሌሎቹ መርከቡን ይስላሉ። እሷ ሰዎቹ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደሚፈሩ፣ ሲሞቱ ምን እንደሚደረግላቸው ትፈጥራለች። ለዚህ ደመወዝ ይከፈላታል።

ሰዎቿ አንዲት ቀይ፣ አርጅታ የምትሞት ፀሐይ ዙሪያ በሚንሳፈፉ ድንጋዮች ላይ ይኖራሉ። ጅራታም ኮከብ እየተከተሉ በረጅም ገመድ በረዶ ያጠምዳሉ። «ምን ይበላሉ?» አልኳት መጀመሪያ ስትነግረኝ። «የት ይሸናሉ?» ሳቀች። «ማን ያበስልላቸዋል?» «አባባ፣ እሱን አላሰብኩበትም።» አብሳይ የሌለው መርከብ ሳምንት ሳይሞላው ሰው እርስ በርስ ይባላበታል አልኳት። አሁን ጨዋታው ውስጥ በየመርከቡ አብሳይ አለ። ያ የኔ ነው።

የባህር ቃሉንም ሰጠኋት። መሬት ላይ የፈለግከውን በፈለግከው ስም ጥራ። ባህር ላይ ግን ቢላዋ ቢላዋ አይባልም፤ ነካሹ ነው። ቄስ ጥቁር ለባሹ ነው። ድመት ፀጉራሟ ናት። ስማቸው ሲጠራ የሚሰማ ነገር አለ። ራንቫ ሁሉንም አንድ በአንድ ጻፈችና ለጨዋታዋ ሰዎች ሰጠቻቸው። «በዓለም ዙሪያ ስንት ልጅ ያንተን ቋንቋ እየተናገረ ነው መሰለህ አባባ!» አለችኝ። ኤልስፓ፣ «ያን ቀን ሱቅ ስትሄድ ደረትህን ነፍተህ ነበር» ትላለች። ትበል።

ጃንዋሪ 11

ሆግኒ ዛሬ ወጣ። ካፒቴን የሆነባት መርከብ ሪታ ትባላለች። ወደ ምዕራቡ ጥልቅ፣ መንጠቆ የተደረደረበትን ረጅም ገመድ ሊጥሉ። ሳይሰናበተኝ ነው የሄደው። ሥራ በዝቶበት ይሆናል። መስኮት ላይ የቆምኩት ነፋሱን ለማየት ነው።

ጃንዋሪ 15

ሱቅ ውስጥ የቤይኒርን እናት አገኘኋት። ቤይኒር ሪታ ላይ የሚሠራው ቀይ ጠጉሩ ልጅ ነው፤ ተኝቶ እንኳን የሚያወራ። «ያንተ ራንቫ ልጆቹን አሳበደቻቸው» አለችኝ እየሳቀች። «የሥራ ተራቸው ሲያልቅ መተኛት ቀርቶ ጨዋታዋን ነው የሚጫወቱት። ባህር ላይ'ኮ አሁን ኢንተርኔት ከሰማይ ይወርዳል።»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ፣ «በአፍ ነው'ኮ የሚነዳው» አለች። «የምትሄድበትን ስም ትጠራለህ፣ መርከቡ ይሄድልሃል። ቤይኒር ሌሊቱን ሙሉ አዲሱን ቦታ ሲጠራ ነው የሚያድረው።»

«አዲሱን ቦታ? የቱን?» አልኳት።

ነገረችኝ። ቅቤዬን ባንኮኒው ላይ ትቼ ነው የወጣሁት።

ኤልስፓ፣ ቀስ ብለሽ ጻፊ። ከደሴታችን በስተምዕራብ፣ ወደ ቤት ስትመለስ፣ ከውሃ በታች አንድ አለት አለ። ባህር ሲረጋ አይታይም። ባህር ሲነሳ ነጭ ብሎ ይታያል፣ ያኔ ደግሞ ዘግይተሃል። ስም አለው። መሬት ላይ አያቶቼ ስሙን ይጠሩት ነበር። ባህር ላይ ግን አክስቲቱ ነው የምንላት። «አክስቲቱን አለፍናት» ትላለህ፣ በቃ። በሴፕቴምበር ራንቫ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ «ቆይ እውነተኛ ስሟ ማነው?» አለችኝ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ነኝ፣ እግሬ ምንጣፍ ላይ ነው፤ ነገርኳት። ሌላ ሰው የማያውቀውን እንደማውቅ ላሳያት ፈልጌም ነበር። እሷ ያንን ስም ወስዳ መርከብ የምትውጥ የሞተች ኮከብ ላይ ሰየመችው። ከገና በኋላ ለሰው ሁሉ ተከፈተ።

አሁን የሪታ አምስት ልጆች እውነተኛ ባህር ላይ፣ እውነተኛ መርከብ ውስጥ ሆነው፣ ስሟን እየደጋገሙ ይጣሯታል። ነይ ነይ እንደማለት ነው።

ስሙን እዚህ እንዳትጽፊው። ኤልስፓ፣ «እኔ'ኮ መሬት ላይ ነኝ» አለች። አትጻፊው አልኩሽ።

ጃንዋሪ 16

ኤልስፓ ቁጥሩን ነካችልኝ፣ ሆግኒን አገኘሁት። የሞተሩ ድምፅ ከኋላው ይሰማል።

«አባዬ! ምን ሆንክ? ታመምክ እንዴ?»

«አልታመምኩም። ልጆቹን ያንን ጨዋታ አስቁማቸው።»

«የራንቫን? ለምን? ዝም ይላሉ'ኮ እሱን ሲጫወቱ፤ ማለቴ ከእኔ ጋር አይነታረኩም።»

«ስሟን እየጠሩ ነው።»

ከዚያ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሕፃን ሲወድቅ የሚሳቅ ዓይነት ሳቅ ነው።

«አባዬ፣ ራዳር አለኝ። ካርታው ላይ በቀይ ተጽፋለች፣ ስሟ ከነፊደሉ። በየቀኑ ሳያት ነው የምውለው።»

«ማየትና መጥራት አንድ አይደለም።»

«እሺ እንሞክራታ» አለና ጠራት። ባህር መሐል ሆኖ። ከነሙሉ ስሟ፣ ጮክ ብሎ። ከዚያ፣ «ይኸው፣ አልሰመጥንም!» አለ።

ዘጋሁበት። ዳግመኛ አልደውልለትም።

ጃንዋሪ 17

አልተኛሁም። የጣሪያው ቆርቆሮ ይንኳኳል። መስተካከል አለበት።

ጃንዋሪ 20

ቤይኒር መዳፉን መንጠቆ በሳው። በወዲያ በኩል ወጥቷል። እናቱ ነገረችን።

ኤልስፓ፣ «ዓሣ አጥማጅ መንጠቆ ቢወጋው ምን ይገርማል? ባሌ ጆሮውን ሁለቴ ተወግቷል» አለች።

ባልሽ ሰካራም ነበር አልኳት። ሹራቧን ሰብስባ ልትነሳ ነበር። ተመልሳ ተቀመጠች። ነውር ተናገርኩ። ይሄንንም ጻፈችው፣ እያየኋት።

ጃንዋሪ 22

ራንቫን አስደወልኳት።

«ስሙን ከጨዋታው አውጪው» አልኳት።

«የትኛውን ስም አባባ?»

«የትኛውን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«ኧረ አባባ! ሰዉ ከሁሉም የወደደው እሱን ነው'ኮ። ጠፈር ነው፤ ውሃ የለም፣ ጨው የለም፣ ነፋስ የለም። ማንን ይነካል?»

«አባትሽ ያለበት ቦታ ሦስቱም አሉ።»

ዝም አለች። እንደምታውቀው ገባኝ፤ አባቷ መርከብ ላይ እንደሚጫወቱት ነግሯታል። ምናልባትም አብረው ስቀውብኛል። ቆይታ አለቃዋን አቀረበችልኝ። ኤይዱን ይባላል፤ ድምፁ የባንክ ሠራተኛ ድምፅ ነው።

«አባቴ፣ እርስዎ ከሁላችንም የተሻሉ ተራኪ ነዎት፤ ይሄን እኔ ነኝ የምልዎት» አለኝ። «ግን ነገሩ ከእጃችን ወጥቷል። ሰዎች ካርታ ሠርተውበታል፤ ኮከቧ ለምን እንደሞተች ሲከራከሩ ያድራሉ። ውሻቸውን በስሟ የጠሩ አሉ። ሰው አንዴ ያመነውን ታሪክ ከቀየርንበት ሌላውንም አያምነንም።»

«የኔም ችግር ማመኔ ነው» አልኩት።

በትሕትና ሳቀ። በትሕትና የሚስቅ ሰው አልወድም።

ጃንዋሪ 23

ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ። ከሪታ ወሬ የለም። ኮረብታው ላይ ወጥቼ ነበር፣ በጎቹን ለማየት። ኤልስፓ፣ «በጎችህን ከሸጥክ ስንት ጊዜህ ነው?» አለች። አጥሩን ለማየት እንግዲህ።

ጃንዋሪ 24

እንደገና አጥሩን።

ጃንዋሪ 26

መብራት ጠፍቷል። ነፋሱ ኤልስፓን በር እንኳን አላስከፈታትም፤ እዚሁ በሻማ ተቀምጠናል። የባትሪው ሬዲዮ ከምዕራብ ትልቅ ማዕበል ይመጣል ብሏል። የነፍስ አድን ጣቢያው እንደነገረን፣ ሪታ ሥራዋን አቋርጣ ወደ ቤት ዞራለች። አንደኛው ሞተሯ እያነከሰ ነው። መንገዷ በአክስቲቱ በኩል ነው። ሌላ መንገድ የለም፤ በሰሜን ልዙር ቢሉ ማዕበሉ ይቀድማቸዋል።

ኤልስፓ፣ «ሳማል፣ ካፖርትህንና ጫማህን ለብሰህ ነው የተቀመጥከው» አለችኝ። ብርድ ነው። ምድጃው ከመብራቱ ጋር ጠፍቷል።

ከዚያ፣ «ለምንድነው ግን እንዲህ የፈራሃት?» አለች። አልፈራሁም። ጠየቅሽኝ እንጂ፣ እነግርሻለሁ።

ቱማስ የሚባል ወንድም ነበረኝ። ታላቄ ነው። ስሙ በባህር የቀሩት ሰሌዳ ላይ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ። መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፤ እሱ ባለበት መርከብ ሰው አይከፋም። በፋሲካ ሰሞን ወደ ቤት እየተመለስን ነበር። ባሕሩ ከባድ አልነበረም። አዲስ ልጅ ከእኛ ጋር ነበረ፣ ሆድ የባሰው። አክስቲቱ አጠገብ ስንደርስ ልጁ ፈርቶ ገመድ ይዞ ተቀመጠ። ቱማስ ሊያስቀው ፈለገ። ጠርዙ ላይ ወጥቶ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ፤ ሰርግ ቤት እንደሚደረገው በአክብሮት። ከዚያ ከነሙሉ ስሟ ጠራትና፣ «እንዴት ዋልሽ?» አላት።

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

ማዕበሉ ትልቅ አልነበረም ኤልስፓ። ከሌሎቹ አይበልጥም። ብድግ አለና ተመልሶ ወረደ። ጠርዙ ላይ ሰው አልነበረም። እኛ ግን ገና እየሳቅን ነበር። የቀልዱ ክፍል መስሎን። ከኋላው ብቅ እስኪል እየጠበቅን፣ አፋችንን ከፍተን።

ምን ያህል እንደሳቅን አላውቅም። እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ኤልስፓ መጻፍ አቁማ ነበር። ጻፊ አልኳት።

«ሆግኒ ይሄን ያውቃል?» አለችኝ።

ሆግኒ ቱማስ በባህር እንደቀረ ያውቃል። ስሟን አትጥራ ብዬዋለሁ። ለምን ብሎ ጠይቆኛል፣ ትንሽ ሳለ። አይባልም፣ በቃ፣ አልኩት። እኔ ልጅን በማስረዳት አላሳድግም። ካፒቴን ሲያዝ ያስረዳል እንዴ?

ኤልስፓ ሻማውን አስተካከለች።

ጃንዋሪ 28

መብራቱ ተመልሷል። ራንቫ ሳትነግረኝ በመርከብ መጣች። ፊቷ ነጭ ሆኗል፤ መንገዱ አጥወልውሏታል። ኮምፒውተሯንና የጨዋታውን መንጃ ዘንግ በቦርሳ ይዛለች። የአባቷ ስልክ ከትናንት ጀምሮ አይነሣም። የሰማዩ ኢንተርኔት በማዕበል ጊዜ ይመጣል ይሄዳል አለችኝ፣ ሦስት ጊዜ። ለእኔ ነው ወይስ ለራሷ የምትነግረው?

ደረቅ የበግ ሥጋ ቆርጬ ሰጠኋት። አልበላችም።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀመጥና እየው» አለችኝ። «ባህር አለመሆኑን በዓይንህ ካየህ ይቀልልሃል። ለእኔም ይቀልልኛል።»

ተቀመጥኩ። ኤልስፓ ሹራቧን ይዛ ከኋላዬ ቆመች። ዘንጉን ጨበጥኩ። መስኮቱ ጨለመ፤ ማለቴ የኮምፒውተሩ። ከዚያ ከዋክብት ወጡ።

እውነት ልናገር። ልስቅባት ነበር ያሰብኩት። ግን ልጅቱ መርከብ ታውቃለች። መርከቡ ወዲያው አይታዘዝም፤ ክብደት አለው፣ ስትጠመዝዘው ትንሽ አስቦ ነው የሚዞረው። ከበስተኋላ አብሳዩ ድስት ያንኳኳል። አንዱ «ነካሹን አቀብለኝ» ይለዋል። የሆነ ሰው በአፍንጫው ያንጎራጉራል። እጄ ያንን ሁሉ ያውቀዋል። ወገቤ ሳላዘው ከመርከቡ ጋር ያጋድላል። «ሳማል፣ ወንበሩ'ኮ አይንቀሳቀስም» አለች ኤልስፓ።

ፊት ለፊት ጥቁር ነገር አለ። ምንም የለበትም። በዳር በዳሩ ብቻ ነጭ መስመር፣ ልክ ውሃ ሲሰበር።

«አሁን ስሟን ጥራ፣ ይወስድሃል» አለች ራንቫ።

አፌን ከፈትኩ።

«አባባ፣ በል እንጂ። ወጥ ቤትህ ውስጥ ነህ።»

«ወጥ ቤቴ ውስጥ መሆኔን አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እጄ አላወቀም።»

ነጩ መስመር እየቀረበ መጣ። መጥራት አለብኝ፣ መርከቡ ትእዛዝ ይጠብቃል። አብሳዩ ድስቱን ማንኳኳት አቆመ። ያ የሚያንጎራጉረውም ዝም አለ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ዘንጉን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ላቤ በጆሮዬ ኋላ ይወርዳል። ሰማንያን ባለፈ ዕድሜዬ፣ በካልሲዬ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ።

ራንቫ ኮምፒውተሩን አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ ዘንጉን ከእጄ ፈልቅቃ ወሰደችው። ጣቶቼ አልላቀቅ ብለው ነበር።

«ይሄን ነው የሳትኩት» አለች። «ስሙን ወሰድኩና ፍርሃቱን እዚህ ተውኩት።»

ጃንዋሪ 28፣ ማታ

ራንቫ ከኤይዱን ጋር በስልክ ስትጣላ ቆየች። ኤልስፓ የሰማችውን ሁሉ ጽፋዋለች።

«ስሟ ካርታው ላይ ይቀመጥ፤ አልነካውም። ማንም አይጥራት ብቻ። ወደ ሌላው ቦታ ሁሉ በስም ይሄዳሉ። ወደሷ ግን መርከቡ የሚያልፈው አፉን ለዘጋ ነው። አንዲት ቃል ከወጣች ይቆማል። እስኪያልፋት ድረስ ዝም!»

«ራንቫ፣ በድምፅ የሚነዳ ጨዋታ ውስጥ ዝም በሉ ልትያቸው ነው? ተበላሸ ብለው ነው የሚጮሁት።»

«ይጩሁ። በኋላ ይገባቸዋል።»

«ታሪኩን አንቀይርም ተባብለናል'ኮ።»

«አልቀየርኩትም። እስካሁን አልጨረስኩትም ነበር።»

«እሺ፣ በሚቀጥለው ወር ከሌሎቹ ለውጦች ጋር...»

«ዛሬ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፏ ተሰበረ። «ኤይዱን፣ አባቴ እዚያ ነው ያለው።»

እኔን በዚህ ነገር ስታጽናናኝ የነበረችው ልጅ ናት።

ጃንዋሪ 29

ማዕበሉ ገባ። ወደቡ ላይ ውሃው መንገዱን አልፎ የዓሣ ፋብሪካውን በር ይመታል። ሪታ በትክክል የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። የነፍስ አድን ጣቢያው፣ ወደ ቤት እየመጡ ነው፣ በአንድ ሞተር፣ አለን። ሌላ አልጨመረም።

ራንቫ ትሠራለች። ጥፍሯን በልታ ጨረሰችው። ኤይዱን ከዚያ ማዶ ሆኖ እየሠራላት ነው፤ ሳይተኛ አደረ አለች። ስለ ድምፁ የተናገርኩትን ሰርዢው። ኤልስፓ አይሰረዝም አለች።

ጃንዋሪ 30

የራንቫ ለውጥ ማለዳ ላይ ወጣ። ለሰው ሁሉ ተላከ ማለት ነው። ራንቫ፣ «መርከቡ ላይ ግንኙነት ካገኙ ይደርሳቸዋል» አለች። ካላገኙስ? አልጠየቅኳትም።

የቤይኒር እናት መጥታ ነበር። ቆማ ነው የተመለሰችው። ምን እንደምንሠራ ብትጠይቀኝ ምን እላት ነበር?

አሁንም ነፋስ።

ኮረብታው ላይ መውጣት አልቻልኩም። በእጄና በእግሬ ሞክሬ ነበር። ኤልስፓ በኮሌታዬ ይዛ መለሰችኝ፤ እንደ ድመት።

ጃንዋሪ 31

ይሄን እያስጻፍኩ ያለሁት ቆሜ ነው። መቀመጥ አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ሊጨልም ሲል ስልኩ ጮኸ። ራንቫ ልታነሣው ስትል ቀደምኳት። እንዴት እንደሚነሣ የማላውቀው ሰውዬ።

«አባዬ።»

ሆግኒ ነው። ድምፁ የሱ ድምፅ አይመስልም፤ ደክሟል።

«የት ናችሁ?»

«ራንቫ ልጆቹን ምን አደረገቻቸው?» አለኝ። «አሁን ለተራ ልጠራቸው ወደ ታች ወርጄ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ታግለው መተኛት አቅቷቸው የሷን ጨዋታ ከፍተዋል። አንዳቸውም አይመልሱልኝም። አምስት ሰው አፉን ዘግቶ ተደርድሮ ተቀምጧል። ቤይኒር'ኮ ነው የምልህ፣ ቤይኒር! በታሰረው እጁ ዝም በል ብሎ ምልክት ሰጠኝ። ለካፒቴኑ! መርዝ የበሉ ነው የመሰለኝ።»

ልስቅ ፈልጌ አልሆነልኝም። «የት ናችሁ?» አልኩት ደግሜ።

መልስ ሊሰጠኝ ጀመረ። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ሰማሁት፤ መጀመሪያዋን ፊደል ሰማኋት። ከዚያ ቆመ።

ሞተሩ ብቻ ይሰማል። አንዱ ሞተር፣ የሚያነክሰው ሳይሆን የቀረው።

«ማዕበሉ ነጭ ነው አባዬ» አለኝ በመጨረሻ፣ በቀስታ። «በስተቀኜ ነጭ ነው። ነፋሱ ወደሷ ይገፋኛል።»

ፈርቷል። ልጄ ሆግኒ ፈርቶ ነው የደወለልኝ። ምን እላለሁ? ራዳር ይዟል፣ መንገዱን ከእኔ እኩል ያውቃል። የቱማስን ነገር አሁን አልነግረውም። ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ ሁሉንም፤ ለምን እንደማይባል።

«አትናገር» አልኩት። «ስልኩን ግን አትዝጋ።»

አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁም። ራንቫ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር አጣብቃ ቆመች፣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ። ኤልስፓ ሹራቧን አስቀመጠች። ሞተሩ ይሰማል፤ አንዳንዴ ከፍ ይልና ውሃው ላይ ሲወጣ ባዶውን ይዞራል፣ ከዚያ እንደገና ውሃውን ይነክሳል። አንድ ነገር ተሰበረ፣ ብርጭቆ መሰለኝ። ሆግኒ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለ ትኩሳት ሲይዘው እንደዚያ ነበር የሚተነፍሰው፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳዳምጠው አድር ነበር። ለሱ ነግሬው አላውቅም።

መስኮቱ ጠቆረ። ማንም መብራት አላበራም።

ከዚያ ከስልኩ ውስጥ ጩኸት መጣ። ልጆቹ ናቸው፤ ከታች፣ አምስቱም በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፣ ጠረጴዛ ይደበድባሉ፣ የቤይኒር ድምፅ ከሁሉም በላይ ነው። «አለፍናት! አክስቲቱን አለፍናት!» ይላሉ። ያለፏት በጨዋታው ውስጥ ነው።

ሆግኒ ገና አላለፈም። ልጆቹ ሲጮሁ እሱ ዝም እንዳለ ነው። እኔም።

ብዙ ቆየ።

«እኔም አለፍኳት» አለ ሆግኒ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ኤልስፓ ይሄን ጽፋዋለች። ይጻፍ።